ዕጣ የወጣለት መድኃኒት

በ1947 መባቻ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የብሪታንያ ሐኪሞች ሁለቱም ሳንባው በነቀርሳ ለተያዘ ወጣት የሚያዝዙት የአልጋ ዕረፍት ነበር። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የነቀርሳ (ቲቢ) መድኃኒት በ1943 አሜሪካ ውስጥ ተገኝቷል፤ ከጦርነት የወጣችው ብሪታንያ ግን የውጭ ምንዛሪ ስላጠራት የገዛችው ጥቂት ነው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ከዚሁ እጥረት ተነሱ። ለሁሉ ካልተዳረሰ ዕጣ ይለየው፣ ያልደረሰው በተለመደው ሕክምና ይቆይ፣ ከዚያ ይነጻጸሩ አሉ።

107 ሕመምተኞች ተመረጡ። ዕጣው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ስለነበር ሐኪሙ ያዘነለትን መርጦ ወደ መድኃኒቱ ማስገባት አይችልም። 55ቱ ከዕረፍቱ ጋር በየስድስት ሰዓቱ መርፌ ተወጉ፤ 52ቱ ዕረፍት ብቻ። እነዚህ 52 ሰዎች የንጽጽር አካል መሆናቸው አልተነገራቸውም። ይህ ዛሬ አይፈቀድም፤ ያኔም ቢሆን ሊነገራቸው ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከሪፖርቱ ሁሉ እጅግ የማከብረው የራጁን ንባብ ነው። ሦስት ባለሙያዎች ፊልሞቹን ለየብቻ ሲያነቡ የትኛው ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንደወሰደ አያውቁም ነበር። ሕመምተኛው እንዲድን አጥብቆ የሚመኝ ሐኪም ያልዳነውን ሳንባ እንደዳነ ሊያይ ይችላልና።

በስድስት ወር ከ55ቱ 4፣ ከ52ቱ 14 ሞቱ። ውጤቱ በጥቅምት 1948 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ሐኪሞቹ በዚያው ጽሑፍ መጥፎውንም ዜና አልደበቁም፤ በብዙዎቹ አክታ ውስጥ የተገኘው ተህዋስ መድኃኒቱን ተላምዷል። ከአምስት ዓመት በኋላ የሟቾቹ ቁጥር 32 እና 35 ደረሰ፤ ልዩነቱ ጠቧል።

ተህዋሱ መድኃኒቱን እንዳይላመድ መፍትሔው መድኃኒቶችን ማጣመር ሆነ። በመጀመሪያው ሙከራ ብሮምፕተን ሆስፒታል ውስጥ የሠሩት ጆን ክሮፍተን በ1952 ኤዲንብራ ገቡ፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር ስትሬፕቶማይሲንን፣ ፓስ (PAS) የተባለውን መድኃኒትና በዚያው ዓመት ሥራ ላይ የዋለውን አይሶኒያዚድን አንድ ላይ ሰጡ። ሕክምናውም ሳይቋረጥ ከአንድ ዓመት በላይ እንዲዘልቅ አደረጉ። ዛሬ በእኛ ጤና ጣቢያዎች ቲቢ ሲታከም በርከት ያለ መድኃኒት በአንድ ላይ የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ክሮፍተን የሁሉንም ፈውስ ግብ ማድረግ ይቻላል ሲሉ የሌላ አገር ባልደረቦቻቸው ብዙዎቹ አላመኑም። ጥርጣሬው የተወገደው ያው ሕክምና በበርካታ አገሮች ሆስፒታሎች ተሞክሮ ተመሳሳይ ውጤት ሲያስገኝ ነው።