ስብን የመመዘን ጥበብ እንዴት እንደ ተሻሻለ

ቅቤና የኑግ ዘይት በአንድ ጓዳ ሲቀመጡ አንዱ ረግቶ፥ ሁለተኛው ፈስሶ ይታያል። የዚህን ልዩነት ምክንያት ለመረዳት ሊቃውንት ረጅም ዘመን ደክመዋል።

ፈረንሳዊው ሚሼል ኤዠን ሼቭረል በ1823 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፍ፥ የእንስሳ ስብ ሳሙና ሲሠራበት ወደ ግሊሰሪንና ወደ ልዩ ልዩ የስብ አሲዶች እንደሚከፈል አስረዳ። ይሁን እንጂ አሲዶቹ እጅግ ስለሚመሳሰሉ መለየታቸው አስቸጋሪ ነበረ። የሃይድሮጅን አቶም ክብደት 1 ተብሎ ሲቈጠር፥ የስቴሪክ አሲድ ክብደት 284፥ የኦሌይክ አሲድ 282 ነው፤ ልዩነታቸው ሁለት የሃይድሮጅን አቶም ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ልዩነት ለመመዘን የሚያስችለውን መሣሪያ ፍራንሲስ አስተን በ1919 በካምብሪጅ ሠራ፤ በ1922ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። መሣሪያው በኤሌክትሪክ የተሞሉትን ቅንጣቶች በኤሌክትሪክና በማግኔት ኀይል ከመንገዳቸው ያጥፋቸዋል፤ እንደ ክብደታቸውም ይለያያሉ። ዛሬ የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል።

ነገር ግን የሚመዘነው ነገር አስቀድሞ ወደ ጋዝ መለወጥ ነበረበት፤ ብዙው ስብ ደግሞ ሲሞቅ ሳይተን ይበላሻል። ስለዚህ የስዊድን ሊቃውንት አይናር ስቴንሃገንና ራግናር ሪሃገ በ1950ዎቹ ዓመታት አሲዶቹን በቀላሉ ወደሚተኑ ሜቲል ኤስተሮች እየለወጡ መረመሩ። ሪሃገም በ1964 ጋዝ ክሮማቶግራፍን ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር የሚያገናኝበትን ዘዴ አሳተመ።

ይህ ታላቅ እርምጃ ቢሆንም ጉድለት ነበረበት። ስቡ ለመመርመር ሲፈርስ፥ የትኛው አሲድ ከየትኛው ጋር በአንድ ሞለኪውል ተጣምሮ እንደ ነበረ ማስረጃው ይጠፋ ነበር።

መፍትሔውን በ1980ዎቹ በዬል ዩኒቨርሲቲ ጆን ፌን አሻሻለው። በፈሳሽ የሟሟውን ነገር በኤሌክትሪክ ኀይል ከቀጭን መርፌ አፍ እንደ ጉም ይረጨዋል፤ ጠብታዎቹ ሲተኑ ሞለኪውሎቹ ሳይሰበሩ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቀራሉ። በ1994 ሺያንሊን ሃንና ሪቻርድ ግሮስ በዚህ ዘዴ የሰውን የቀይ ደም ሕዋስ ሽፋን ስቦች መረመሩ፤ ፌንም በ2002 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ጋር ተካፈለ።

ሆኖም ክብደት ሁሉን አይናገርም። ክብደታቸው እኩል ሆኖ የድርብ ትስስራቸው ቦታ የሚለያይ ስቦች አሉ፤ ሚዛን ብቻውን አይለያቸውም። ስለዚህ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች ድርብ ትስስሩን በቦታው የሚቈርጠውን የኦዞን ጋዝ ጨመሩበት።

እንግዲህ የአንዱ መሣሪያ ጉድለት ለሚቀጥለው መሣሪያ ምክንያት ሆኗል። መምህር የሳይንስን ድል ብቻ አስተምሮ ጉድለቱን ቢሰውር፥ ተማሪው ሥራው ሁሉ የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ጉድለቱንም ጨምሮ ቢያሳየው ግን ለእርሱ የቀረለትን ድርሻ ያያል።