ውሻው የማነው?

ደብረ ታቦር ውስጥ የሰው ግቢ ስትገቡ በር አታንኳኩም። ከአጥሩ ውጪ ቆማችሁ "ውሻ ያዙ!" ብላችሁ ትጮሃላችሁ። ባለቤቱ እስኪወጣ ንቅንቅ የለም። ወደ ፋርጣና ወደ ጉና ተዳፋት ገጠር ከወጣችሁማ ዱላ ሳይዙ መሄድ የከተማ ልጅ ሞኝነት ነው። (እኔ አንዴ ሞኝ ሆኜ አውቃለሁ፤ ዝርዝሩን ተዉት።) በጉን ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ ስለሆነ ማንም አይፈርድበትም። "ባለቤቱን ካልናቁ ውሻውን አይነኩ" ይባል የለ?

እሺ፣ ውሻው ሰው ሲነክስስ ማን ይጠየቃል?

ይሄን ጥያቄ ያስነሳብኝ የእንግሊዝ ነገር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1991 አደገኛ ናቸው ያሏቸውን እንደ ፒት ቡል ያሉ የውሻ ዝርያዎች በሕግ ከለከሉ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ኤክስኤል ቡሊ የሚባለውን ጨመሩበት። ውሻዬን አልሰጥም ያለ ሰው የፈቃድ ወረቀት ማውጣት፣ አፉን አስሮ ማስወጣትና ውሻው ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ መግባት አለበት። ብዙዎቹ ታዲያ ያን ጊዜ ኢንሹራንሱን ያገኙት ዶግስ ትረስት የተባለ የውሾች በጎ አድራጎት ማኅበር አባል በመሆን ነበር። በዓመት ትንሽ ያዋጣሉ፣ አንዱ ውሻ ጉድ ሲሠራ ከጋራው ይከፈላል።

ሳነበው ሳቄ መጣ። ይሄማ እድር ነው!

ከዚያ ወደ አገራችን ታሪክ ስገባ አንድ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ አገኘሁ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1958 እናቱ ሲልቪያ በመሠረተችው "ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር" መጽሔት ላይ ከአንድ ጸሐፊ ጋር ሆኖ ስለ እድርና እቁብ ጻፈ። በ1970 ደግሞ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ታሪክና ባህላዊ ሕክምና ሌላ ጽሑፍ አወጣ። እድርና ውሻ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ማለት ነው፤ በየራሳቸው ወረቀት ግን።

የእብድ ውሻው ታሪክ እኛን ይነካናል። በአገሪቱ ከተመዘገቡት ትልልቅ ወረርሽኞች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1884 በአፄ ዮሐንስ ዘመን ትግራይን፣ ጎጃምን፣ ወሎንና በጌምድርን ያዳረሰው ነው። በጌምድር ማለት ያኔ ደብረ ታቦር ናት። አዲስ አበባ ተራዋ የደረሰው ነሐሴ 1895 ዓ.ም. ነበር። ለተነከሰ ሰው የነበረው ጠበልና የደብተራው ቅጠል ነው። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ ዛሬም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ያኔማ አስቡት።

የእድሩን ታሪክ አሳጥሬ ልለፈው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ታየ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተስፋፋ፣ ከዚያ ወደየከተማው ሄደ። ሥራው ቀብር ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ የለቀስተኛ ምግብ። ገጠሩ ደግሞ ደቦና ወንፈል፣ ማኅበርና ሰንበቴ ነበረው። ለነከሰ ውሻ የሚያዋጣ እድር ግን እኔ አልገጠመኝም።

ሕጉ ሳይጠብቀን መጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳያስበው አምልጦት ቢሆንም። ተረቱ ባለቤቱን የውሻው ጋሻ ያደርገዋል፣ ሕጉ ዕዳ ከፋይ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ልብ በሉልኝ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የነበረው ክትባት ከበግ ወይም ከፍየል አንጎል የሚሠራው የፈርሚ ክትባት ነው። ይመረት የነበረው አዲስ አበባ፣ የዛሬው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ሲሆን፣ ተነካሹ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። ለአንድ የፋርጣ ገበሬ ይሄ መርፌ ብቻ አይደለም፤ መሳፈሪያ፣ ማደሪያ፣ የተፈታ ሥራ ነው። ያን ሁሉ ብቻውን ክፈል የተባለ ጎረቤት ምን ይላል? "ውሻው የኔ አይደለም!"

ማታ የሰፈሩን በግ የጠበቀ ውሻ ጠዋት ባለቤት የለውም። ክፋቱ፣ የነከሰ ውሻ ታስሮ አሥር ቀን መታየት አለበት። እስከዚያ ደህና ከሆነ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። የተካደ ውሻ ግን ማን ያስረዋል፣ ማን ያየዋል? ወይ በድንጋይ ይገደላል፣ ወይ ይጠፋል። በየከተማው ማዘጋጃ ቤት ስትሪክኒን የተባለ መርዝ በሥጋ እያደረገ ሲጥል የኖረውም ለእነዚሁ "ባለቤት አልባ" ውሾች ነው። በሽታውን ለማቆም ደግሞ ከመቶ ሰባው ውሻ መከተብ አለበት ይባላል። አንገቱን ይዞ የሚያስከትብ ባለቤት ከሌለ ሰባው ከየት ይመጣል?

እድር አይለወጥም የምትሉኝ ካላችሁ፣ ተለውጦ ያውቃል። በኤችአይቪ ዘመን ቀብሩ ሲበዛና ካዝናው ሲራቆት ብዙ እድሮች ሰው ከመሞቱ በፊት ማስታመምና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። አሉላ ፓንክረስትና ዳምጠው ኃይለማርያም ሳይሆን ዳመን ኃይለማርያም (ስሙን እኔም ስሳሳት ነው የኖርኩት) እ.ኤ.አ. በ2000 እድር ለኤችአይቪ መከላከል ምን ሊሠራ እንደሚችል ጽፈዋል። አሉላ የሪቻርድ ልጅ ነው፤ ነገሩ በቤተሰብ ነው የተያዘው።

ይሄን ሁሉ ተሸክሜ ደብረ ታቦር የማውቃቸውን አንድ የእድር ዳኛ አዋየኋቸው።

"ለውሻ ድንኳን እንትከል ልትይ ነው?" አሉና ሳቁብኝ።

"አይ ጋሼ፣ ውሻ ያለው ሁሉ በወር ትንሽ ቢያዋጣ፣ የተነከሰ ልጅ ቢኖር መርፌውና መሳፈሪያው ከዚያ ቢከፈል ነው።"

ዝም አሉ። ቡናቸውን ጨረሱ። ከዚያ "ሁለት ውሻ ያለው እጥፍ ይከፍላል ወይስ በቤት ነው የምንቆጥረው?" አሉኝ።