ሲመጡ አንድ፣ ሲሄዱ ሌላ

ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ ቦሌ ገባ። 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ! ባለሁለት ሞተር ጄት ያን ያህል በአንድ ጉዞ በርሮ አያውቅም ነበርና ክብረ ወሰን ተባለ።

ታሪኩ ሲወራ ግን አንድ ነገር ይዘነጋል። ክብረ ወሰኑ የመምጫ እንጂ የመሄጃ አይደለም። ያው አውሮፕላን ያንኑ ያህል ነዳጅ ሞልቶ ከቦሌ ልነሣ ቢል አይሆንለትም።

ለምን ቢሉ፣ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያጥረዋል፤ ክንፉንም የሚደግፈው አየር ይሳሳበታል። ስለዚህ አውሮፕላኑ አብዝቶ፣ አፍጥኖ መንደርደር አለበት። ሜዳው ደግሞ ማለቂያ አለው፤ ጎማውም የሚችለው ፍጥነት ልክ አለው። የቀረው ክብደት መቀነስ ነው፤ ወይ ሰው፣ ወይ ዕቃ፣ ወይ ነዳጅ። ትኬት የቆረጠ ሰው አውርዱ አይባልም መቼም! ነዳጁ ይቀነስና መንገድ ላይ ወርዶ መቅዳት ግድ ይሆናል። የዋሽንግተኑ ዳለስ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ አውሮፕላኑ እስከ አፉ ሞልቶ ይነሣል። ከምዕራብ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም መጪውን ከኋላ ይገፋለታል፣ ሂያጁን ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

ከሜዳ ጋር መታገሉ የቆየ ነው። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ማረፊያው ልደታ ነበር። ለነዚያ ባለፕሮፔለር አውሮፕላኖች ልደታ ይበቃ ነበር። ቦይንግ 720 ጄቶች ሲገዙ ግን አልበቃ አለ፤ በ1955 ዓ.ም. ጄቶቹ ሥራ ሲጀምሩ ተራው የቦሌ ሆነ። ከተማዋም አዲሱን መንገድ ተከትላ ወደ ምሥራቅ ተዘረጋች። ሜዳው ረዘመ፤ ከፍታው ግን ያው የደጋ ከፍታ ነው።

ወደ 1976 እንመለስ። በዚያ ዘመን ከቦሌ ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር። ወጥቶ አሜሪካ የቀረው ደግሞ አገሩን እየናፈቀ መመለሱን ይፈራል። እንግዲህ አውሮፕላኑ ያለ ማረፊያ መብረር የቻለው ብዙ ስደተኛ ሊደፍረው በማይችለው አቅጣጫ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ያ ክብረ ወሰን ደስታው ይቀንስብኛል።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ መጪው በዛ። ሂያጁን ግን አንድ ጊዜ ሮም፣ ሌላ ጊዜ ደብሊን፣ ሌላ ጊዜ ሎሜ ላይ ማረፍ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ከመምጫው ሦስት አራት ሰዓት ያስጨምረዋል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ቦታው ከተመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።