ነርሲንግ ኢንፎርማቲክስ ምንድን ነው? ተምሮስ ምን ይሠራበታል?

«ነርስ ነኝ፣ ማስተርሴን በምን ልማር?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰናል። ዛሬ ብዙም ስለማይወራለት አንድ ዘርፍ እንንገራችሁ።

ነርሲንግ ኢንፎርማቲክስ የነርስነት ሙያን፣ የመረጃ አያያዝንና ኮምፒውተርን የሚያገናኝ ዘርፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን የማስተርስ ፕሮግራም የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ጀመረ። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበርም በ1992 ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለምን አስፈለገ?

የታካሚው አለርጂ ወይም መድኃኒት የወሰደበት ሰዓት በሽፍት ርክክብ መሀል ከጠፋ የሚጎዳው ታካሚው ነው። ሲስተሙን የሠራው ሰው ደግሞ ዋርድ አድሮ የማያውቅ ከሆነ፣ ነርሷ አንዱን ነገር መጀመሪያ ቻርት ላይ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር ላይ ሁለቴ ትጽፋለች። ያ ጊዜ ከታካሚው ላይ የተቀነሰ ነው። ስለዚህ ዋርዱንም ሲስተሙንም የሚያውቅ ሰው መሀል ላይ ያስፈልጋል።

ሥራው ምንድን ነው?

• ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ሲገባ ቅጾቹን ከነርሶች አሠራር ጋር ማስማማት
• ባለሙያዎችን ማሠልጠን
• የመረጃ ጥራት መከታተልና ሪፖርት መተንተን
• ለሶፍትዌር ሠሪዎችና ለጤና ፕሮጀክቶች ማማከር

ፕሮግራመር መሆን ግዴታ አይደለም። ኤክሴልና የዳታቤዝ መሠረታዊ ዕውቀት ግን በጣም ይጠቅማል።

እዚህ አገር የት እንማር?

ጎንደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ሰፋ ባለው ዘርፍ፣ በሄልዝ ኢንፎርማቲክስ፣ ማስተርስ ይሰጣሉ። ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። የነርሲንግ ዲግሪ ተቀባይነት እንዳለው የዓመቱን ማስታወቂያ አይታችሁ አረጋግጡ። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚላክበትን ዲኤችአይኤስ 2ን ከአሁኑ ብትለምዱት ትጠቀማላችሁ።

አሜሪካ ያላችሁስ?

የታወቀውን ሰርተፊኬት የሚሰጠው የአሜሪካ ነርሶች ክሬደንሺያሊንግ ሴንተር ነው። አርኤን ላይሰንስ፣ የባችለር ዲግሪና የ2 ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ይጠይቃል። በዚህ ላይ የዘርፉ ልምድ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ባለፉት 3 ዓመታት 2,000 ሰዓት መሥራት፣ ወይም ቢያንስ 200 ሰዓት የተግባር ልምምድ ያለው የድህረ ምረቃ ፕሮግራም መጨረስ።

ሳንደብቃችሁ

በብዙ ተቋሞቻችን የመረጃ ክፍሉን ሥራ የሚይዙት የጤና መረጃ ቴክኒሻኖች ናቸው። ስለዚህ ዓመታችሁን ከመስጠታችሁ በፊት መሥሪያ ቤታችሁን «ተምሬ ስመለስ የትኛው የሥራ መደብ ይጠብቀኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ፕሮጀክቶችንና የግል ድርጅቶችንም አስቡ።

እስከዚያው ዋርዳችሁ ውስጥ ሁለቴ የሚሞላ አንድ ቅጽ ፈልጉና ለምን ሁለቴ እንደሚሞላ አጣሩ። ምናልባት የማስተርስ ጥናታችሁ ርዕስ እሱ ይሆናል።

ለነርስ ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።