"ጎንደር" የተባለችው የጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ፦ ከስያሜዋ እስከ መስመጧ

አዲስ አበባ፦ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን የወረራ ዘመን ነው። ወራሪው መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ያሠራበት የነበረው ተቋም በምሕጻረ ቃል "ኢንቺስ" ይባል ነበር፤ "ካዛ" ደግሞ በጣሊያንኛ ቤት ማለት ነው። የኢንቺስ ቤቶች ለማለት የወጣው ስም በነዋሪው አንደበት ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ።

ጣሊያን በአዲስ አበባ ሠፈሮች ላይ የራሷን ስም ስትተክል፣ የኢትዮጵያን የቦታ ስሞች ደግሞ ወስዳ በባሕር ኃይሏ መርከቦች ላይ ጽፋ ነበር። ጎንደር፣ ደሴ፣ አክሱም፣ አድዋ፣ መቀሌ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ ነገሌ እና ዋቢ ሸበሌ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ የጣሊያን ሰርጓጅ መርከቦች ስሞች ነበሩ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የስያሜው ምክንያት

እነዚህ መርከቦች የ"አድዋ" ምድብ በመባል የሚታወቁ ሲሆኑ ቁጥራቸው 17 ነበር። አብዛኞቹ ስማቸውን የወሰዱት ከኢትዮጵያ ቦታዎች ሲሆን ጥቂቶቹ ከሶማሊያና ከኤርትራ ነው። በ1888 ዓ.ም. በአላጌ፣ በመቀሌና በአድዋ የተሸነፈው የጣሊያን ጦር ከ40 ዓመታት በኋላ ተመልሶ በመጣ ጊዜ፣ የሽንፈቱን ቦታዎች የድል ምልክት ለማድረግ ፈለገ። ስሞቹ ለጣሊያን ሕዝብ የተነገሩ ፉከራ ነበሩ።

የአሠራራቸው ጠባይ

የምድቡ መርከብ ርዝመቷ 60 ሜትር ያህል ሲሆን ከ40 በላይ ባሕርተኞችን ትይዛለች፤ ስድስት የቶርፔዶ መተኮሻ አፈሙዞችም ነበሯት። ሰርጓጅ መርከብ ጋኖቿን በባሕር ውኃ ስትሞላ ከብዳ ትሰጥማለች፤ ውኃውን በታመቀ አየር ገፍታ ስታስወጣ ቀልላ ትንሳፈፋለች። የናፍጣ ሞተር አየር ስለሚፈልግ የሚሠራው ከውኃ በላይ ስትሆን ነው፤ ከውኃ በታች የምትጓዘው በባትሪ ነው። ስለዚህ ባትሪዋ ሲደክም ወይም የታመቀው አየር ሲያልቅ፣ ጠላት ከላይ እየጠበቃት እንኳ ቢሆን መውጣት ግድ ይሆንባታል።

የ"ጎንደር" አጭር ዕድሜ

"ጎንደር" በሰሜን ጣሊያን ላ ስፔዚያ አጠገብ በሚገኘው የሙጃኖ የመርከብ መሥሪያ ተገንብታ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1937 ወደ ባሕር ወረደች። ዕለቱ ጣሊያን ኢትዮጵያን መውረር የጀመረችበት ሁለተኛ ዓመት የሞላበት ነበር። ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ "ጎንደር" ገና አዲስ መርከብ ነበረች።

በዚያው ክረምት ለልዩ ተልዕኮ ተመረጠች። በመርከቧ ወለል ላይ የነበረው መድፍ ተነሥቶ ውኃ የማያስገቡ ትልልቅ በርሜሎች ተገጠሙላት። በበርሜሎቹ ውስጥ የተቀመጡት ሁለት ሁለት ጠላቂዎች እንደ ፈረስ ተቀምጠው የሚነዷቸው ቶርፔዶዎች ነበሩ። ባሕርተኞቹ ለመንዳት አስቸጋሪ በመሆናቸው "ማያሌ"፣ ማለትም አሳማ፣ ይሏቸው ነበር። ዕቅዱ ጠላቂዎቹ በሌሊት ወደ ግብፁ የእስክንድርያ ወደብ ገብተው በእንግሊዝ የጦር መርከቦች ሆድ ሥር ፈንጂ እንዲያስሩ ነበር።

"ጎንደር" መስከረም 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ከላ ስፔዚያ ተነሣች። አዛዧ ፍራንቼስኮ ብሩኔቲ ይባል ነበር። ከተሳፈሩት ጠላቂዎች አንዱ ኤሊዮስ ቶስኪ ሲሆን፣ ማያሌን ከቴዜዮ ቴዜይ ጋር የፈለሰፈው እርሱ ነው። መስከረም 19 ምሽት ወደ እስክንድርያ ስትደርስ ግን የእንግሊዝ መርከቦች ወደቡን ለቀው መውጣታቸውን የሚገልጽና እንድትመለስ የሚያዝ መልእክት ደረሳት። ጉዞዋን ወደ ሊቢያው ቶብሩክ አዞረች።

ከመመለሷ በፊት ስቱዋርት የተባለች የአውስትራሊያ የጦር መርከብ አገኘቻት። "ጎንደር" ብትሰጥምም ሌሊቱን ሙሉ በጥልቅ ውኃ ውስጥ የሚፈነዱ ቦምቦች ወረዱባት፤ ሰንደርላንድ የተባለ የእንግሊዝ የባሕር አውሮፕላንም አድኑን ተቀላቀለ። መስከረም 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ጠዋት ወደ ላይ ለመውጣት ተገደደች። ሠራተኞቿ ራሳቸው እንድትሰጥም አድርገው ጥለዋት ወጡ። አንድ ሰው ሲሞት ቶስኪን ጨምሮ ሌሎቹ ተማረኩ። ይዛው የሄደችውን መሣሪያ ሳትጠቀምበት ጠፋች።

የእኅት መርከቦቿ ዕጣ

ከሁሉ አስቀድማ የጠፋችው በቀይ ባሕር የነበረችው "መቀሌ" ናት። ጣሊያን ጦርነቱን ስትጀምር በምጽዋ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። "መቀሌ" ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ እንደተሰማራች ከማቀዝቀዣዋ ያፈተለከ መርዛማ ጋዝ ሠራተኞቿን አሳበዳቸው። መንገዷን ስታ ሰኔ 8 ቀን 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ባሕር ዳርቻ ራቅ ባለ ዐለት ላይ ወጣች። ጥቂቶች በትንሽ ጀልባ ቀዝፈው ርዳታ ጠየቁ፤ በደሴቲቱ የቀሩትን በሳምንቱ ሌላ ሰርጓጅ መርከብ አነሣቻቸው። አንድ ሰው ግን እዚያው ሞቷል።

"አድዋ" ከ"ጎንደር" ልክ በዓመቱ፣ መስከረም 20 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ከነሠራተኞቿ ሰጠመች። "ደሴ" ኅዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም. በአልጄሪያ ባሕር ዳርቻ አጠገብ በተመሳሳይ ሁኔታ ጠፋች።

ብርቱ ጉዳት ያደረሱም ነበሩ። "ሽሬ" ለ"ጎንደር" ያልተሳካውን ተልዕኮ ተረክባ ታኅሣሥ 10 ቀን 1934 ዓ.ም. ጠላቂዎችን ወደ እስክንድርያ አደረሰች፤ ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችም በወደቡ ውስጥ ክፉኛ ተጎዱ። ከወራት በኋላ እርሷም በሃይፋ አጠገብ ሰጠመች። "አክሱም" ነሐሴ 6 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደ ማልታ ደሴት ይጓዙ ከነበሩ መርከቦች ሦስቱን በአንድ ጊዜ በተኮሰቻቸው አራት ቶርፔዶዎች መታች።

ከ17ቱ የጦርነቱን ፍጻሜ ያየችው "አላጌ" ብቻ ናት። እርሷም ሰኔ 1 ቀን 1934 ዓ.ም. የገዛ አገሯን የጦር መርከብ በስሕተት አስጥማለች።

ስሙና ባለቤቱ

"ጎንደር" የተባለችው መርከብ ስትሰጥም፣ የጎንደር ከተማ ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ስትቀበልም ጎንደር የወራሪው የመጨረሻ ምሽግ ሆና ቆየች። ጀኔራል ጉልየልሞ ናሲ ከአርበኞችና ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከተደረገው ውጊያ በኋላ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። መርከቧ በባሕር ላይ የቆየችው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ስሟን የተዋሰችባት ከተማ ግን ከእርሷ በፊት 300 ዓመታት የኖረች ነበረች፤ ዛሬም አለች።

በካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። የታክሲ ረዳቶች ግን ዛሬም "ካዛንቺስ" ብለው ይጣራሉ። የቃሉ መነሻ የወራሪው ቤት ቢሆንም፣ ዛሬ ስሙ የሚያስታውሰው እዚያ ተወልደውና ጎረቤት ሆነው ያደጉትን ሰዎች ነው።