ነቅቶ የመኖር ትርጉም፤ ከሕንድ እስከ ጋይንት

አንድ መሐንዲስ የተሰነጠቀ ግድግዳ ባየ ጊዜ ስንጥቁን በኖራ ከመሸፈኑ አስቀድሞ መንሥኤውን ይመረምራል፡፡ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረው የሕንዱ መስፍን ጎታማም የሰውን ኑሮ በዚሁ ዐይን ተመለከተ ማለት ይቻላል፡፡ ሥቃይ መኖሩን፣ መንሥኤው እንደ ጥማት የማይረካ ምኞት መሆኑን፣ መንሥኤው ሲወገድ ሥቃዩም እንደሚቀር፣ ለዚህም የሚያደርስ መንገድ መኖሩን አስተማረ፡፡ ስለዚህም «ቡድሃ» ተባለ፤ ትርጓሜውም «የነቃ» ማለት ነው፡፡ እንግዲህ በእርሱ ትምህርት መንቃት ማለት ነገርን ከነምክንያቱ፣ እንደ ሆነው አድርጎ ማወቅ ነው፡፡

ታሪኩ ወደ አገራችን የደረሰው ስሙን ለውጦ ነው፡፡ ወደ ንቃት የሚጓዘው «ቦዲሳትቫ» በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ፤ በዚያ ጽሕፈት የ«በ» እና የ«የ» ድምፅ ፊደላት በቃል መነሻ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ስለሆነ «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ፡፡ በጆርጂያና በግሪክ ክርስቲያኖች እጅ አልፎም የክርስቲያን ቅዱስ ታሪክ ሆኖ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ፡፡ በመጨረሻም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ1553 እ.ኤ.አ.፣ ትውልዳቸው ከየመን የሆነውና የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን የበቁት አባ ዕንባቆም «በረላም ወይዋስፍ» ብለው ወደ ግእዝ መለሱት፡፡

በዚህ ጉዞ ትርጉሙም አብሮ ተለወጠ፡፡ ጎታማ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነቃ፤ ይዋስፍን ያነቃው ግን የመናኙ የበረላም ስብከትና እምነት ነው፡፡ ሁለቱም ዙፋናቸውን ትተዋል፤ ዳሩ ግን ለአንዱ ንቃት ማወቅ ሲሆን ለሌላው መጠራት ነው፡፡

በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አባም ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ከስማዳና ከእስቴ፣ ከሌላም አገር የሚሄድ ደቀ መዝሙር ደግሞ ሦስተኛ ትርጉም ያውቃል፡፡ በግእዝ «ትጉህ» የማያንቀላፋ ማለት ነው፤ መላእክትም «ትጉሃን» ይባላሉ፡፡ ማሕሌት ቆሞ ለሚያነጋው ተማሪ ንቃት ዘወትር የሚታደስ ሥራ ነው፡፡

ሦስቱን አንድ ናቸው ብሎ መደባለቅ አንዳቸውንም ማክበር አይደለም፡፡ ሆኖም ሦስቱም የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፡፡ ስንጥቁን እያየን በኖራ እንድንሸፍን የሚገፋፋን ችኮላና የጥቅም ምኞት አይደለምን? ሕንጻው የቆመው ሰው ሊያድርበት ነውና፣ ያ ሰው በሰላም ይተኛ ዘንድ እኛ መንቃት ይገባናል፡፡