ባሕርይ ከታች ሲጀምርና ከላይ ሲጀምር

ባለፈው ዓመት በኮሌጁ ማደሪያ ውስጥ አምስት ሆነን አንድ ጨዋታ ለማዘጋጀት ተነሥተን ነበር። ጨዋታው በውጭ አገር ሮል ፕሌይንግ ጌም የሚባለው ነው። ሰሌዳም ጠጠርም የለውም፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በሐሳቡ አንድ ሰው ይፈጥርና ስሙን፥ ጉልበቱንና ንብረቱን በወረቀት ይጽፋል፤ ከመካከል አንዱ ተራኪ ሆኖ አገሩንና በየቦታው የሚገጥማቸውን ነገር ያወራል፤ ነገሩ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ ተጥሎ ይወሰናል። እኛም አገሩ ሸኮ፥ ዘመኑም የዐፄ ምኒልክ መጨረሻና የልጅ ኢያሱ ዘመን እንዲሆን ተስማማን። ነገር ግን ገና በመጀመሪያው ምሽት በአንድ ጥያቄ ላይ ተከራከርን፤ ይኸውም ባለታሪኩ ከምን ደረጃ ይጀምር የሚል ነው። ሁለቱ ምንም የሌለው ጎረምሳ ይሁንና ቀስ በቀስ ይደግ አሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ከመነሻው ጦር ያለው ደጃዝማች ካልሆነ ምን ጨዋታ አለው አሉ። አምስተኛው፥ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፥ የታሪክ ተማሪ ስለ ሆነ መልሱን ከታሪክ ፈልገህ አምጣ ተባለ።

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው አመጣጥ ጥቂት ልበል፤ የዚህ ክፍል ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1971 ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን የተባሉ አሜሪካውያን ቼይንሜይል የሚባል የጦርነት ጨዋታ ደንብ አሳተሙ። በዚያ ደንብ አንድ ጀግና የአራት ተራ ወታደር ያህል ይዋጋል፤ ከእርሱ የሚበልጠው ደግሞ የስምንት ያህል። በ1974 ጋይጋክስ ከዴቭ አርነሰን ጋር ሆነው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ሲያወጡ ያንኑ ጀግና በመሰላል መካከል አስቀመጡት፤ ተዋጊው ከአንደኛ ደረጃ ተነሥቶ በአራተኛው ጀግና፥ በስምንተኛው ታላቅ ጀግና፥ በዘጠነኛው ጌታ ይባላል። ጌታ የሆነ ሰው ግንብ ሠርቶ ግዛት ሲይዝ ከእያንዳንዱ ነዋሪ በዓመት 10 የወርቅ ገንዘብ ግብር ያገኛል። ይህን 10 ወርቅ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። በ1977 ማርክ ሚለር ያወጣው ትራቬለር ግን ሌላ መንገድ ያዘ፤ በእርሱ ባለታሪኩ ጨዋታው ሳይጀመር በፊት በጦር ሠራዊት ወይም በሌላ ሥራ ዓመታት አገልግሎ የወጣ ጎልማሳ ነው። እንዲያውም በደንቡ መሠረት ገና ሰውየውን ስትፈጥረው በአገልግሎት ላይ ሳለ ሊሞትብህ ይችላል። ጓደኞቼ የተከራከሩበት ነገር እንግዲህ አዲስ አልነበረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ የእኛም መሰላል ነበር፤ ባላምባራስ፥ ግራዝማች፥ ቀኛዝማች፥ ፊታውራሪ፥ ደጃዝማች፥ ራስ። እነዚህ ስሞች በመነሻቸው የክብር ጌጥ ሳይሆኑ የሥራና የቦታ ስሞች ናቸው። ግራዝማች በግራ፥ ቀኛዝማች በቀኝ የሚዘምተው፥ ፊታውራሪም ከፊት የሚቀድመው ነው። ስለዚህ ሹመት ሲመጣ የሰውየው መቆሚያ ከጌታው ድንኳን አንጻር ይለወጣል፤ የሚያዝዘው ሰው፥ የሚያበላው አፍና የሚቀናበት ጎረቤትም አብሮ ይበዛል። በአሜሪካኑ ጨዋታ ደረጃው ከፍ ያለ ሰው ለመግደል ያስቸግራል። በእኛ መሰላል ግን ከፍ ያለው ሰው ይበልጥ የሚታይ ዒላማ ነበር።

ከታች የጀመረ ሰው ምሳሌ ሲፈለግ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የሚበልጥ አይገኝም። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የመጡ ሲሆኑ፥ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ ሞቱበት እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስም በሦስት ነገሥታት ዘመን በዚያው ቦታ ቆዩ። ምርኮኛ ልጅ በጌታው ቤት ሲያድግ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ፥ ማን መቼ ዝም እንደሚል ማወቅ ግድ ይሆንበታል፤ ሌላ መሣሪያ የለውምና። ለሰውየው የሚነገርላቸው ጥንቃቄ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንደዚሁ በጦር ሜዳ ተጎድተው የተገኙ ልጅ ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ በመድፈኛነታቸው ታወቁ፤ በኋላም ሲዳሞንና ሐረርን ገዙ። በ1920 ዓ.ም. ጦራቸውን አስከትለው ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ እርሳቸው በግብር ላይ ሳሉ ጦሩ ተከፋፍሎ ተበተነባቸው። በጨዋታ ቋንቋ ከዘጠነኛ ደረጃ ወደ አንደኛ በአንድ ቀን ወረዱ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በ1929 ዓ.ም. ያ ሽማግሌ ጣልያንን ሲዋጋ ሞተ፤ ጦሩ ተወሰደ እንጂ ሰውየው አልተወሰደም ነበር።

ከላይ የጀመሩት ደግሞ ልጅ ኢያሱ ናቸው። የዐፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ፥ የወሎው የራስ ሚካኤል ልጅ ሆነው በ1901 ዓ.ም. ገና በዐሥራ አራት ዓመታቸው አልጋ ወራሽነታቸው ታወጀ። ሞግዚታቸው በጎሬ ተቀምጠው ኢሉባቦርን የገዙት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ነበሩ፤ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ግን ልጁን እምቢ የሚል ሰው አጠገባቸው አልቀረም። ስለ ልጅ ኢያሱ ብዙ ክፉ ተጽፏል፤ ከዚያ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ያሸነፏቸው ሰዎች የጻፉት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንድ ሰው ከባላምባራስነት ጀምሮ ሲያድግ ስሕተቱን የሚሠራው በትንሽ ነገር፥ ጥቂት ሰው ሲያየው ነው፤ ልጅ ኢያሱ ግን የመጀመሪያ ስሕተታቸውን የሠሩት በመንግሥት ላይ ነው።

ሁለቱ ሰዎች በ1909 ዓ.ም. ተገናኙ። መስከረም 17 ቀን ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ሀብተ ጊዮርጊስ ከዋናዎቹ አድራጊዎች አንዱ ነበሩ፤ በጥቅምት ወር በሰገሌ ሜዳም ለልጃቸው የዘመቱትን ንጉሥ ሚካኤልን ከተዋጉት የጦር አለቆች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ምርኮኛው ልጅ የንጉሡን የልጅ ልጅ ከመሰላል አወረደው።

ይህን ለጓደኞቼ ስነግር ከታች ይጀምር ያሉት ደስ አላቸው። እኔ ግን ፍርዴ ለእነርሱ አልነበረም። ከላይ የሚጀምር ባለታሪክ ባዶ የሚሆነው ኀይል ስላለው አይደለም፤ ተጫዋቹ ኀይሉን ብቻ ጽፎ ዕዳውን ስለማይጽፍ ነው። ልጅ ኢያሱን የሚጫወት ሰው የአባቱን የወሎ ጦር፥ የአያቱን አደራ፥ የሸዋ መኳንንትን ጥርጣሬ አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ ማስፈር አለበት። ከታች የሚጀምረውን ደግሞ መንገዱ ራሱ ይሠራዋል፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው አንድ ጌታና አንድ የሚፈራው ነገር ብቻ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ መልካም ነበር። ሆኖም አገሩን ሸኮ ብለን ነበር የጀመርነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. መካከል ከያዙ በኋላ የማዕርጉ መሰላል ወደዚህ አገርም መጣ። ለመጣው ወታደር በደመወዝ ፈንታ ገባር ይሰጠው ነበር፤ ማዕርጉ ባደገ መጠን የገባሩ ቍጥር ያድጋል። ገባሩ ማር፥ ቡናና እህል ያገባል፤ ቤት ይሠራል፥ ይፈጫል፥ ይሸከማል። ጠመንጃ ያለው ሰው ጌታ በሆነበት፥ ጥይት ራሱ በገበያ እንደ ገንዘብ በሚዘዋወርበት አገር ጠመንጃ የሌለው የመሰላሉን የመጀመሪያ እርከን እንኳ አይረግጥም። በ1904 ዓ.ም. ግድም በልጅ ኢያሱ ጊዜ በዚያን ዘመን ጊሚራ ይባል በነበረው፥ ዛሬ በአብዛኛው ቤንች ሸኮ ዞን በሆነው አገር በተደረገው ዘመቻ ብዙ ሺህ ሰው በባርነት ተነድቷል። ሀብተ ጊዮርጊስ በተማረኩ ጊዜ የሚቀበላቸው ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከዚህ የተነዳው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጠበቀው ወፍጮና ማጀት ነው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ መሬትም ከባለርስት እጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም.።

10 ወርቅ ያልኩት ይህ ነው። በአሜሪካኑ ደንብ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ የደረሰው ጌታ ገንዘቡን ሲቀበል ከፋዩ ስም የለውም፥ ወረቀትም የለውም። የኦሪት ዘፍጥረት አንባቢ ዮሴፍን ያስታውሳል፤ ተሸጦ፥ ታስሮ፥ ከፍ ብሎ ወንድሞቹን ያበላውን ዮሴፍን። ያው ዮሴፍ ነው በራቡ ዘመን የግብፅን ሕዝብ መሬት ለፈርዖን ገዝቶ ከአዝመራው አምስተኛውን እጅ ግብር ያስገባው። ከታች መጀመር ለታች ሰው ማዘንን አያረጋግጥም፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ብዙ ገባር ነበራቸው።

ስለዚህ በደንባችን አንድ አንቀጽ ጨመርን። አንድ ባለታሪክ ገባር የሚያስገኝ ማዕርግ ላይ ሲደርስ ጨዋታው ይቆማል፤ ባለማዕርጉ ተጫዋች ከገባሮቹ ለአንዱ ስም አውጥቶ፥ ወረቀት ጽፎ፥ ለአንድ ምሽት እርሱን ይጫወታል። ደጃዝማች ካልሆነ ያለው ጓደኛችን የመጀመሪያው ሆነ። በምሽቱ መጨረሻ ደጃዝማቹ በድንኳኑ ነበር፤ ገባሩ ግን ቀፎዎቹን ከዛፍ ላይ ትቶ፥ ሁለት ልጆቹን ይዞ በጎደሬ በኩል ጫካ ገብቶ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ስንገናኝ ጓደኛችን የደጃዝማቹን ወረቀት አልፈለገም፤ ያንኛውን ስጡኝ አለ።